ገንዘባችንን ለያዛችሁት የፈንድ አስተዳዳሪዎች፦ ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንዱን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅና ለቦርድ አባላት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለተጨመረው የአስተዳደር ክፍያ፣ ስለተራዘመው የገንዘብ መውጫ ጊዜ፣ ሳይነገረን ስለሚቆረጥብን ገንዘብ

የተከበራችሁ የድርጅቱ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ጅማ ከተማ፣ ሂርማታ ገበያና አካባቢው የምንሠራ የአንድ እቁብ አባላት ነን። መሐላችን ቅመም ሻጭ አለች። ቡና አቅራቢ አለ። በርጩማና አልጋ የሚሠሩ አናጺዎች አሉ። ጡረታ የወጡ መምህራንም አሉ። ዕጣ ሲደርሰን ከላዩ ላይ እየቀነስን፣ በየስማችን እናንተ ጋ ያስቀመጥን ሰዎች ነን። በስልክ ጠየቅን፣ በደብዳቤም ጠየቅን፣ መልስ አጣን። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍን።

የድርጅታችሁን ስም አልጠራንም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሌላው አንባቢ ደግሞ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ቢያውቅ ይሻለዋል። ያው ነገር ነገ በሌላ ስም ደጁ ሊመጣ ይችላል።

ለደብዳቤው መነሻ የሆነን በጥቅምት ወር በቴሌግራም ቻናላችሁ የለቀቃችሁት ማስታወቂያ ነው። ሁለት መስመር ናት። አንደኛው የአስተዳደር ክፍያው በዓመት ከ2 በመቶ ወደ 3 በመቶ ከፍ ማለቱን ይናገራል። ሁለተኛው ገንዘቡን ማውጣት የሚፈልግ ሰው ከ90 ቀን በፊት ማመልከት አለበት ይላል። ከሥሩ አበባ ተደርጎበታል። አስተያየት መስጫው ተዘግቷል።

እኛን ለማሳመን ስትመጡ ምን እንዳላችሁን እናስታውሳችሁ። ሙቹዋል ፈንድ ማለት የብዙ ሰው ትንንሽ ገንዘብ ተሰብስቦ፣ ሙያው ያለው ሰው አክሲዮን፣ ቦንድና የግምጃ ቤት ሰነድ ገዝቶበት፣ ትርፉንም ኪሳራውንም ሁሉም በየድርሻው የሚካፈልበት ነው አላችሁ። ትክክል ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ፈንድ አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ከተቋቋመ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ነበር። ብቻውን አሥር ድርጅት ላይ አክሲዮን መግዛት ለማይችል እንደ እኛ ላለ ሰው ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጠባችን ከሐሳቡ ጋር አይደለም። "ትርፉንም ኪሳራውንም" ካላችሁ በኋላ ስለ ኪሳራው አንድ ደቂቃ እንኳ አላወራችሁም። በራሪ ወረቀታችሁ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ አረንጓዴ ቀስት አለ። ስጋት የሚል ቃል ግን ከፊትም ከጀርባም የለም።

ዋናው ብሶታችን ክፍያው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጥ አንዲት እህታችን በሐምሌ 2016 60 ሺህ ብር አስገባች። በዚያው ቀን "የመግቢያ" ተብሎ 5 በመቶ፣ ማለትም 3 ሺህ ብር ተቆረጠ። ማንም አልነገራትም። ሥራ የጀመረው ገንዘቧ 57 ሺህ ብር ነው። ዓመቱ ሲዘጋ "ፈንዳችን 8 በመቶ አተረፈ፣ እንኳን ደስ አላችሁ" የሚል መልእክት ደረሳት። ደስ ብሏት ስልኳን ይዛ እኔ ጋ መጣች። የእቁቡን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝና ቁጭ ብለን አሰላነው።

57 ሺህ ብር በ8 በመቶ ሲያድግ 61,560 ብር ይሆናል። ከዚያ ላይ በጊዜው የነበረው 2 በመቶ የአስተዳደር ክፍያ ይነሳል። የሚቀረው 60,328 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። በቃ፣ የዓመት ትርፏ 328 ብር ከ80 ሳንቲም ሆነ። ልውጣ ብትል ደግሞ 2 በመቶ የመውጫ ክፍያ አለ። እጇ የሚገባው 59,122 ብር ከ22 ሳንቲም ነው። ፈንዱ 8 በመቶ አተረፈ በተባለበት ዓመት እሷ 877 ብር ከ78 ሳንቲም ከኪሷ ጨመረች ማለት ነው። ያንኑ 60 ሺህ ብር ባንክ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ ብታስቀምጠው ከግብር በፊት 64,200 ብር ይሆንላት ነበር። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሏል ይኼ ነው።

አሁን በጨመራችሁት በ3 በመቶ ሒሳብ ብንሠራው ደግሞ ሳትወጣም ከስራለች። 59,713 ብር ከ20 ሳንቲም ላይ ትቆማለች፤ ካስገባችው በታች።

የዋጋ ንረቱን እዚህ ውስጥ አላስገባነውም። ገንዘቧን ያስገባችው ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22፣ 2016 የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ በለቀቀበት ሰሞን ነው። ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ይኼ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ግን 8 በመቶ አተረፍን ብላችሁ የደስታ መልእክት ስትልኩ የብሩ የመግዛት አቅም ምን እንደደረሰበት በአንዲት መስመር ብትጠቅሱ ምን ነበረበት?

ስንደውል ስልክ ያነሳው ልጅ "3 በመቶ ምን አላት?" አለን። ብዙ አላት። ክፍያው የሚሰላው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላው ገንዘብ ላይ ነው። ፈንዱ 10 በመቶ ቢያተርፍ 3 በመቶ ማለት ከትርፉ ሲሶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፈንዱ ቢከስርም ክፍያው አይቀርም። ነገሩ ደግሞ በዓመታት ነው የሚብሰው። 100 ሺህ ብር በየዓመቱ 10 በመቶ እያደገ 20 ዓመት ቢቆይ 672,750 ብር ገደማ ይደርሳል። በየዓመቱ 3 በመቶ እየተነሳለት በ7 በመቶ ቢያድግ ግን 386,968 ብር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከ285 ሺህ ብር በላይ ነው። ይኼ ገንዘብ የሆነ ቀን ከሆነ ሰው ሒሳብ ላይ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ጩኸት ይነሳ ነበር። ቀስ እያለ በየዓመቱ ሲሄድ ግን ማንም አያየውም። እናንተም "ምን አላት" ትሉናላችሁ።

ከዚህ ውጭ ሌላም አለ። የላካችሁልን የዓመቱ ሪፖርት ላይ "ልዩ ልዩ ወጪዎች" የምትል መስመር አለች። የኦዲት ነው? የድለላ ነው? የጽሕፈት መሣሪያ ነው? አይታወቅም። የአስተዳደር ክፍያው ውስጥ ትካተት ወይም ከዚያ ውጭ ትሁን፣ ጠይቀን ግልጽ መልስ አላገኘንም። ከዚያችው ሪፖርት እንደተረዳነው ደግሞ ከገንዘባችን ከፊሉን እህት ድርጅታችሁ ወደሚያስተዳድረው ሌላ ፈንድ አዛውራችኋል። ያኛውም የራሱን የአስተዳደር ክፍያ ይቆርጣል። ስለዚህ በአንድ ብር ላይ ሁለቴ እየከፈልን ነው።

በክፍያ ላይ ክፍያ ሲደረብ ምን እንደሚያመጣ ሌላው ዓለም አይቶታል። አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ባፌት እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2017 የቆየ የአሥር ዓመት ውርርድ ገብቶ ነበር። በአንድ ወገን 500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ሳይመርጥ ጠቅልሎ የሚገዛ ርካሽ ፈንድ ነበር። በሌላው ወገን ገንዘቡን ለሌሎች ፈንዶች የሚያከፋፍሉ፣ በየደረጃው ክፍያ የሚቆረጥባቸው፣ በባለሙያ የተመረጡ አምስት ፈንዶች ነበሩ። ጊዜው ሲያልቅ ርካሹ 125.8 በመቶ አደገ። የአምስቱ አማካይ ግን 36 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከአምስቱ አንዱም አልደረሰበትም። እዚያ ያሉት እንኳ ጥርሳቸውን የነቀሉ ባለሙያዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ በሩ ነው። ስንገባ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ስንወጣ ጠበበን።

አጋሮ አካባቢ እየዞረ እሸት ቡና የሚገዛ አባላችን አለ። የሱ ሥራ ወቅት አለው። ቀዩ ቡና ሲደርስ ጥሬ ብር በእጅ መኖር አለበት። ገበሬው ዛሬ ለቅሞ ዛሬ ይሸጣል፤ እሸት ቡና እስከ ነገ አያድርም። ይህን ሁሉ ገንዘቡን ከማስገባቱ በፊት ለወኪላችሁ አስረድቶታል። "በፈለግህ ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ይወጣልሃል" ተባለ። በጥቅምት ልውሰድ ሲል ያቺ ባለ አበባ ማስታወቂያ ወጣች። 90 ቀን። ቆጥራችሁ ተመልከቱት፤ ጥር ነው። በጥር ደግሞ ገበያ ላይ ያለው ጀንፈል ነው፤ እሸቱን ሌላ ሰው ገዝቶት አልቋል። ሰውዬው ሥራው እንዳይቆም ከዘመድ ከወዳጅ ተበደረ። ያውም የራሱ ገንዘብ እያለ።

ለምን 90 ቀን እንዳስፈለጋችሁ አልነገራችሁንም። እኛ ግን ከሪፖርቱ ገምተናል። ገንዘቡ መሬት ላይ፣ ያላለቀ ሕንፃ ላይ፣ ገና በምሥረታ ላይ ባሉ ድርጅቶች አክሲዮን ላይ ውሏል። እነዚህ በሦስት ቀን የሚሸጡ ነገሮች አይደሉም። በሦስት ወር መሸጣቸውንም እንጠራጠራለን። ቶሎ የማይሸጥ ንብረት ይዞ ቶሎ እከፍላለሁ የሚል ፈንድ መጨረሻው ይታወቃል። እንግሊዝ ውስጥ ስመ ጥር የነበረው የኒል ዉድፎርድ ፈንድ እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ለባለድርሻዎቹ ገንዘብ መክፈል አቆመ። ሰዎች በየቀኑ ማውጣት ይችላሉ እየተባለ፣ ከገንዘቡ ብዙው ቶሎ ገዢ በማይገኝላቸው፣ አንዳንዶቹም ገበያ ላይ ባልተመዘገቡ ድርጅቶች ላይ ታስሮ ነበር። ፈንዱ ተመልሶ አልተከፈተም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበን ነገር አለ። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት አዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ ባለድርሻዎች ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ እንዳወጡ ሰምተናል። ወሬ ከሆነ አስተባብሉ፤ ደስ ይለናል። እውነት ከሆነ ግን ቀድሞ የሰማው ጥሬ ገንዘቡን ይዞ ወጣ፤ ለእኛ ያላለቀው ሕንፃ ቀረልን ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ርቆ መኖር በራሱ ወጪ ሆኖብናል። ከአናጺዎቻችን አንዱ ባለፈው ክረምት አረፈ፤ ነፍስ ይማር። ሚስቱ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥታ ስሙ እንዲዛወርላት ጠየቀች። ዋናው መሥሪያ ቤት በአካል ቀርባ ትፈርም ተባለች። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ከሷም ጋር አብሮ የሚሄድ ሰው። ደርሳ ስትፈርም "የስም ማዛወሪያ" የሚባል ክፍያ መጣባት። ይኼ ክፍያ በውሉ የትኛው አንቀጽ ላይ እንዳለ አሳዩን ብንል እስካሁን ያሳየን የለም። ጅማ መጥታችሁ ገንዘቡን ስትሰበስቡ ፊርማው እዚሁ ሆኖ ነበር። ለመክፈል ሲሆን ምነው ራቀ?

የድርሻው ዋጋም አልገባንም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ዝንፍ ሳይል ይጨምራል። ጡረተኛ የሒሳብ መምህራችን ዋጋውን በየወሩ ደብተር ላይ ይመዘግባሉ። "ልጄ፣ እውነተኛ ገበያ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አክሲዮን አንዳንድ ጊዜ ይወርዳል። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነበር። እናንተ የያዛችሁት ንብረት ግን ሪፖርቱ ላይ እንዳየነው እዚያ የሚገበያይ አይደለም። ታዲያ በየወሩ የምትነግሩን ዋጋ ከየት መጣ? ማን ገመተው? ገማቹ ከእናንተ ውጭ የሆነ ሰው ነው? የቡና አቅራቢው አባላችን በራሱ ቋንቋ አስቀመጠው፦ ሚዛኑን የያዘው ሻጩ፣ ኪሎውን የሚጽፈውም ሻጩ። የአስተዳደር ክፍያችሁ የሚሰላው በዚሁ እናንተ በምትገምቱት ዋጋ ላይ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ዋጋውን ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር ክፍያችሁም ከፍ ይላል።

ፈቃዳችሁንም ጠይቀን ነበር። የንግድ ፈቃድ ፎቶ ላካችሁልን። የንግድ ፈቃድማ እኛም አለን፤ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰቡ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል። እሱን ነው አሳዩን ያልነው። ካላችሁ ቁጥሩን ለመላክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ገንዘቡ ማን ጋ እንዳለም አናውቅም። ሥርዓት ባለው ፈንድ ገንዘቡ የት ይዋል ብሎ የሚወስነው አንድ ነው፣ ገንዘቡንና ሰነዱን የሚጠብቀው ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባንክ። አስተዳዳሪው ቢከስር እንኳ የባለድርሻው ንብረት አይነካም። እኛ ያስገባነው ግን በድርጅታችሁ ስም በተከፈተ ተራ የባንክ ሒሳብ ነው። የባንክ ደረሰኙ እጃችን ላይ ነው፤ የደንበኞች ገንዘብ መሆኑን የሚናገር አንድ ቃል የለበትም። ነገ ድርጅታችሁ ዕዳ ኖሮበት አበዳሪው ሒሳቡን ቢያሳግድ፣ የእኛ ብር ከእናንተ ብር በምን ይለያል?

ይህን የምንለው ፈርተን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት አገር የሆነውን ሰምተን ነው። ኬንያ ውስጥ በተቆጣጣሪው የተፈቀደላቸው ፈንዶች ሞልተዋል፤ ብዙ ሰው ይቆጥብባቸዋል። እዚያው ኬንያ ግን ሳይተን ሃይ ዪልድ ሶሉሽንስ የሚባል፣ ከተቆጣጣሪው ቁጥጥር ውጭ የነበረ ፈንድ ከፍ ያለ ትርፍ ቃል ገብቶ ገንዘብ ሰበሰበ፤ ሕንፃ ግንባታ ላይም አዋለው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለባለገንዘቦቹ መክፈል አቅቶት ዕዳውንና ንብረቱን በሚያጣራ የውጭ አስተዳዳሪ እጅ ገባ። ከፍ ያለ ትርፍና ያላለቀ ሕንፃ ስንሰማ የምንደነግጠው ለዚህ ነው።

ስለ ወኪሎቻችሁ ብዙ አንልም። እኛን ያስገባን ልጅ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አንጠላውም። ከእያንዳንዳችን ላይ ኮሚሽን እንደሚያገኝ ግን አልነገረንም። ያ ኮሚሽን ከየት እንደመጣ አሁን ገብቶናል፤ ከዚያችው 5 በመቶ ነው። ቢነገረን ምክሩን እንደ ወንድም ምክር ሳይሆን እንደ ሻጭ ቃል እንሰማው ነበር።

የጅማን ሕዝብ የምታውቁት ከሆነ የሚቀጥለውን ማስረዳት አያስፈልገንም ነበር። ከመሐላችን ብዙው ሙስሊም ነው፤ ወለድ አይነካም። ከአባቶቻችን አንዱ ሐጂ ገንዘባቸውን ከማስገባታቸው በፊት "ወለድ ውስጥ አለበት?" ብለው በግልጽ ጠይቀዋል። "ኧረ የለበትም፣ ንግድ ነው" ተባሉ። ሪፖርቱ ላይ ግን ከፈንዱ ከፊሉ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ በወለድ ባንክ ውስጥ ነው። ሐጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትርፉ የቱ ወለድ እንደሆነ ተለይቶ ይነገራቸው ዘንድ እየለመኑ ነው። አገሪቱ ውስጥ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ባሉበት ዘመን ይህን መለየት የሚያቅት አይመስለንም። ለእሳቸው ይኼ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። የ3 በመቶው ነገር ይኼን ያህል አላሳሰባቸውም፤ እንቅልፍ የነሳቸው ይኼኛው ነው።

ውሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛው የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ነው፤ እሱም ላይ የመውጫ ክፍያው አልተጻፈም። በአፋን ኦሮሞ ምንም የለም። ጅማ ላይ በአፋን ኦሮሞ ሸጣችሁ፣ በእንግሊዝኛ አስፈረማችሁ። በጣት አሻራ የፈረሙ እናቶች አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ገዛንም አልገዛን፣ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር መሆኑን ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር። ፕሮስፔክተስ የሚባለውን የመግለጫ ሰነድም ያኔ ነው ብዙዎቻችን የሰማነው። የእናንተን ግን እስከ ዛሬ በዓይናችን አላየንም።

አንድ ነገር በመሐል እንበል። እቁብ ውስጥ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ አንድ ብር አይቀበልም። የምናውቀው፣ አብሮን ያደገ፣ ሱቁ ከሱቃችን የተያያዘ ሰው ቢሆንም ዋስ ይጠራል። ቅር የሚለው የለም። እናንተ ከ350 ኪሎ ሜትር መጥታችሁ ያለ ዋስ ተቀበላችሁ። የአዋጁ ፈቃድ፣ ጠባቂ ባንኩ፣ የውጭ ኦዲተሩ ለእኛ ዋስ ማለት ናቸው። ዋስ ጥሩ ስንላችሁ ቅር ሊላችሁ አይገባም።

የምንጠይቀው እንግዲህ ይኼ ነው።

በጥቅምት የተጨመረው 1 በመቶ ይሰረዝ። ባለድርሻ ሳይሰበሰብና ሳይመክርበት በቴሌግራም የተጨመረ ክፍያ አንቀበልም። የተቆረጠ ካለም ይመለስ።

ከጥቅምት በፊት የገባን ሁሉ በገባንበት ቃል፣ በሦስት ቀን፣ እንውጣ። ይህ በአንዴ የማይቻላችሁ ከሆነ የማይቻልበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡንና ማን መቼ እንደሚከፈለው የጊዜ ሰሌዳ አውጡ። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ባለው አንድ ወር ውስጥ የወጣ ገንዘብ ካለ መጠኑ ይነገረን።

ከእያንዳንዳችን ላይ እስካሁን የተቆረጠው ሁሉ፣ የመግቢያው፣ የአስተዳደሩ፣ የወኪሉ ኮሚሽን፣ የስም ማዛወሪያው፣ "ልዩ ልዩ" የተባለውም፣ በመቶኛ ሳይሆን በብርና በሳንቲም ተጽፎ በየስማችን ይላክልን። ወደ እህት ድርጅታችሁ ፈንድ የተዛወረውና እዚያ የተቆረጠውም ይካተትበት።

የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ቁጥራችሁን፣ የጠባቂ ባንኩንና የውጭ ኦዲተሩን ስም አሳውቁን። ፈቃዱ ከሌላችሁ አዲስ ገንዘብ መቀበል ዛሬውኑ አቁሙ። ጅማ ውስጥ ወኪሎቻችሁ አሁንም እየዞሩ ነው፤ ባለፈው ሳምንት መርካቶ በኩል አይተናቸዋል።

ንብረቱን ከእናንተ ጋር ዝምድና የሌለው ገማች ይገምተው፤ ውጤቱም ይታተም።

ሙሉው ውል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ ይሰጠን። ከወለድ የተገኘው ገቢ ተለይቶ ይታወቅ፤ ለሚፈልግ አባል ከትርፉ ላይ ይነሳለት። ለሟች ቤተሰብ የተጠየቀው የስም ማዛወሪያ ይመለስ። እንዲህ ያለው ፊርማ ከእንግዲህ እዚሁ ጅማ ይሁን።

መልሳችሁን እስከ የካቲት መጨረሻ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ሰው መላክ ከፈለጋችሁም እንቀበላለን። ስብሰባችን እሁድ ከሰዓት ነው። የሚመጣው ሰው ግን ሒሳቡን የሚያውቅ ይሁን፤ የሽያጭ ሠራተኛ አትላኩብን። በቀነ ገደቡ መልስ ካጣን ደረሰኞቻችንን ይዘን በግልባጭ ለተጠቀሱት መሥሪያ ቤቶች አቤቱታችንን በይፋ እናቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር

የእቁቡ ጸሐፊ
በእቁቡ ዳኛና በአባላቱ ስም
ጅማ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን
ለጅማ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት
ለእቁቡ አባላት በሙሉ